ከ19 ቁጥር የመጣ ትእዛዝ

ኢንስፔክተሯ ሰኞ ጠዋት ቢሮዋ ስትገባ ሟቹ ከተቀበሩ አንድ ቀን፣ ዘበኛው ከታሰሩ ሁለት ቀን ሆኗል። ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ዶሴ ተቀምጧል፤ ከላዩ ደግሞ የአለቃዋ ማስታወሻ። «ያለቀ ጉዳይ ነው። ፈርሚበትና ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ፍርድ ቤት ይድረስ።»

ሃያ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ብዙ አይመኝም። እሷ የምትመኘው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ መቀመጥ፣ እና ያላየችውን ነገር አለመፈረም። ችግሩ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ቁጭ ብላ ዶሴውን አነበበች። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰችና ተነሣች።

ዶሴው የሚለው ይህን ነው። ሟቹ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው፣ የሆስፒታሎችን የራጅ ምስል በኔትወርክ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ ፕሮግራም የሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ዋና መሐንዲስ ነበሩ። ከነጥብና ከዜሮ ጋር ሲሟገቱ ስለሚውሉ ሰው ሁሉ «አባ ዝርዝር» ይላቸዋል። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ሳሉ በሩ ተቆለፈባቸው፤ የእሳት ማጥፊያው ጋዝም ያለ ደወል ተለቀቀ። ያ ጋዝ እሳትን የሚያጠፋው አየሩን እያባረረ ነው፤ ሰውንም እንዲሁ። በሩንና ጋዙን የምታዝ አንዲት ሣጥን አለች። ሣጥኗ ትእዛዝ የምትቀበለው በሰርቨሩ በኩል በሚላክላት ፋይል ነው። የሰርቨሩ መዝገብ ደግሞ ፋይሉ የመጣው ከ19 ቁጥር ኮምፒውተር እንደሆነ ያሳያል። 19 ቁጥር መግቢያው በር ላይ ያለው የዘበኛው ኮምፒውተር ነው። ዘበኛው ብቻቸውን ነበሩ። ሟቹ «በሥራ ሰዓት ያንቀላፋል» ብለው ሦስት ጊዜ ከሰዋቸዋል። «የገደልከው አንተ ነህ?» ተብለው ሲጠየቁም «ልክ ነው» ብለዋል።

ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚው ጫፍ፣ አንዲት ጠና ያሉ ሴት እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። ኢንስፔክተሯ ዶሴውን ይዛ ስትወጣ ብድግ አሉ።

«አንቺ ነሽ የምትፈርሚው?»

«ማን ነዎት፣ እናቴ?»

«የዘበኛው ሚስት ነኝ። ስሚኝ ልጄ፤ ከዚያ ሰውዬ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ። ቤቱ እየተቃጠለ ነው ብለው ‹ልክ ነው› ይላል። ወጡ ጨው አነሰው ብለው ‹ልክ ነው›። አማቱ እናቴ እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ‹ለልጄ የማትረባ ነህ› ስትለው ‹ልክ ነው እማማ› ነው ያላት። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ዳኛ ፊት ቆሞ እንዲሁ ካለ አበቃለት።»

ኢንስፔክተሯ ሰዓቷን አየች። ሦስት ሰዓት ከሩብ። መጀመሪያ ወደ እስረኛው ክፍል ወረደች።

ዘበኛው ቀጭን፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሽማግሌ ናቸው። ስታያቸው ተነሥተው ቆሙ።

«ይቀመጡ አባቴ። ቅዳሜ ሕንፃው ውስጥ ማን ማን ነበር?»

«ሥራ አስኪያጁ፣ ወጣቱ መሐንዲስ፣ ፈታኟ፣ እና አባ ዝርዝር። ሌላ ዝንብ አልገባም።»

«ፈታኟ?»

«ፕሮግራሙ መሥራት አለመሥራቱን የምትፈትሸው ልጅ ናት።»

«እርስዎ ያን ኮምፒውተር ምን ያደርጉበታል?»

«የሚገባና የሚወጣውን ሰው እጽፍበታለሁ። ጠዋት ጠዋት የትናንቱን ወደ ላይ እልካለሁ። አረንጓዴ ቁልፍ አለች፤ እሷን መጫን ነው። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

«ቅዳሜ ጠዋት ላኩ?»

«የት ይላካል! አሻፈረኝ አለ። ሦስቴ ተጫንኩ፣ ሦስቴ መለሰብኝ። በልቤ ሰደብኩትና ለአባ ዝርዝር ነገርኳቸው። ወርደው አዩት፤ ቁጥሩ ላይ አፍጥጠው ቆዩ። ኋላ ትከሻዬን መታ አድርገው ‹አንተ ነቅተሃል፤ የተኙት እነሱ ናቸው› አሉኝና ወጡ። እኔ እንኳ እየቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር።»

«ይህን ለፖሊሶቹ ነግረዋል?»

«አልጠየቁኝም።»

«እሺ። እንግዲህ ማንም ሰው ምንም ነገር ቢጠይቅዎት፣ ዛሬ አንድ ቀን ብቻ፣ ዝም ይበሉ።»

«ልክ ነው» አሉ ዘበኛው።

ድርጅቱ ያለው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ወረቀቱ ራሱ አርጅቷል። ኢንስፔክተሯ በየፎቁ እየቆመች፣ ጉልበቷን እየረገመች ወጣች። ሥራ አስኪያጁ ደረጃው አናት ላይ ጠበቋት። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ንጹሕ ለባሽ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ናቸው።

«ይቅርታ፣ ሊፍቱን ለማሠራት ስንት ጊዜ ጻፍን መሰለዎት! ይግቡ፣ ይግቡ።»

ክፍላቸው ጠባብ ቢሆንም የተስተካከለ ነው። በሩ ላይ ከውስጥ የሚዘጋ ወፍራም መቀርቀሪያ አለ። ጠረጴዛው ላይ የተከመሩት ደብዳቤዎች ሁሉ በአረንጓዴ ቀለም ተፈርመዋል። ኮምፒውተራቸው ጀርባ ላይ «023» የሚል ቁጥር ተለጥፏል።

«ሦስት አሃዝ?» አለች ወደ ቁጥሩ እየጠቆመች።

«የሱ ሥራ ነው» አሉ፤ ፈገግታቸው ሳይሞላ ከሰመ። «ሃያ ሦስት ካሉ ሃያ ሦስት አይበቃም? አይበቃውም። ዝርዝሩ ቀጥ ብሎ ካልተሰለፈ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት አብረን ነበርን፤ ወንድሜ ማለት ነው።»

«ቅዳሜ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከስምንት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ከሆስፒታል ኃላፊዎች ጋር ስልክ ላይ ነበርኩ። እንዳይረብሹኝ መቀርቀሪያውን ዘግቼ ነው የማወራው። ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም። ፈታኟ ስትጮህ ነው የወጣሁት።»

«ያቺን ሣጥን የሚያውቃት ማን ነው?»

«እሱ ያውቃት ነበር። እኔማ ምኑን አውቄ? ኮምፒውተር ከመክፈትና ከመዝጋት አልፌ አላውቅም። የኔ ሥራ እጅ መጨበጥ ነው።»

«የሰርቨሩን መዝገብ ለፖሊስ የሰጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። በደረሱ በሩብ ሰዓት ውስጥ አትሜ ሰጠኋቸው። የወንድሜ ደም ነው፤ ዝም ብዬ ልቀመጥ?»

ኢንስፔክተሯ ራሷን ነቀነቀችና ማስታወሻዋ ላይ አንዲት ቃል ጻፈች፤ «አትሜ»።

ፈታኟ ጥፍሯን የምትበላ፣ ዓይኖቿ ያበጡ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ «026» ይላል። ከአሥር ሰዓት ትንሽ ቀደም ብላ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ስትሄድ በሩ አልከፈት አላት፤ በመስተዋቱ ስታይ አባ ዝርዝር ወለሉ ላይ ነበሩ።

«ቅዳሜ ከማን ጋር ተጣሉ?»

«ከማን ጋር አልተጣሉም ይበሉኝ እንጂ!» አለች፤ ሳቅ ሊመጣባት ሲል እንባ ቀደማት። «ጠዋት ከኔ ጋር። አዲሱ ፕሮግራም ተፈትሿል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኛ። ‹ምኑን ነው የፈተሽሽው?› አሉኝ። ከዚያ ከአማቻቸው ጋር። ኮሪደሩ ላይ ‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!› ብለው ሲጮሁበት አራቱም ፎቅ ሰምቷል።»

«አማች?»

«ወጣቱ መሐንዲስ የልጃቸው ባል ነው። አዲሱን ፕሮግራም የጻፈው እሱ ነው። ዓርብ ከሰዓት ሰርቨሩ ላይ ጫንነው።»

«አንቺስ ምኑን ነበር የፈተሽሽው?»

ፈታኟ ዓይኗን ጣለች። «እዚህ ፎቅ ያሉትን ሦስት ኮምፒውተሮች። 23፣ 24፣ 26። ሁሉም ላኩ፤ ፋይሉም ደረሰ። ስላለፉልኝ ፈረምኩ።»

ወጣቱ መሐንዲስ ያልተላጨ፣ ሸሚዙ የተጨማደደ ሰው ነው። «024» ከተለጠፈበት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል፤ ስክሪኑ ግን ጠፍቷል።

«ሚስቴ ከቅዳሜ ወዲህ አላናገረችኝም» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «አባቷን አናድጄ ነው የገደልኳቸው መስሏታል። ይፍረዱ፤ እኔም ሳይመስለኝ አልቀረም።»

«ሣጥኗን ታውቃታለህ?»

«እኔ እዚህ ሳልቀጠር ነው የተሠራችው። ክዳኗን እንኳ ከፍቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ይህን አስረዳኝ፤ እንደ ደነቆረ ሰው ቁጠረኝ።» የሰርቨሩን መዝገብ ፊቱ ዘረጋች። መስመሩ «19፣ ፖርት 1105» ይላል።

ወጣቱ ነቃ አለ። ስለ ሥራው ሲጠየቅ ሐዘኑ ለአፍታ ለቀቀው። «አንድ ኮምፒውተር ፋይል ከመላኩ በፊት ራሱን ያስተዋውቃል። አድራሻው ቤቱ ነው፤ ፖርቱ ደግሞ የትኛው በር እንደሆነ ነው። ‹እኔ የዚህ ቁጥር ቤት ነኝ፣ በዚህ በር ነኝ› ይላል። ሰርቨሩ ይህን ካነበበ ይመዘግበዋል፤ ማንበብ ካልቻለ በሩን ይዘጋበታል።»

«የሁላችሁም በር አንድ ነው?»

«አንድ ነው። አባባ ናቸው የደነገጉት፤ 2121።»

«ይህ 1105 ይላል።»

«አዎ...» ራሱን አከከ። «ከዓርብ ወዲህ የሁሉም እንደዚያ ነው የሚወጣው። ትንሽ ጉድለት ነበረች፤ ሰኞ አስተካክላታለሁ ብዬ ትቻት ነው።»

«ዛሬ ሰኞ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ።

የሰርቨሩን ክፍል ከፈተችው። ቀዝቃዛ፣ ያለማቋረጥ የሚያጓራ ክፍል ነው። ሣጥኗ ከበሩ ጎን ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። ክዳኗን ስትከፍተው ውስጡ የተለጠፈ፣ አሥር ዓመት የሆነው የአጠቃቀም መመሪያ አገኘች። የላይኛው ግማሽ በተሰለፉ ደቃቅ ፊደሎች ተጽፏል፤ የሟቹ እጅ ነው። የታችኛው ግማሽ፣ ስለ በሩ፣ ስለ ጋዙና ስለ ደወሉ የሚለው፣ ወደ ጎን ባዘነበለ ጽሕፈት፣ በአረንጓዴ ቀለም ነው። ብዙ ቆማ አየችው።

ቀጥላ ወደ አባ ዝርዝር ጠረጴዛ ሄደች። ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ያለፈው ዓመት የሆስፒታል ማኅደር፣ ከላዩ የአንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስም ያለበት። ሁለተኛው በእጅ የተጻፈ ወረቀት፣ በሁለት ረድፍ። በግራ «እምቢ የተባሉ» ይልና ቅዳሜ ጠዋት አልላክ አለን ብለው የደወሉትን ሆስፒታሎች ቁጥር ይዘረዝራል፤ 018፣ 029፣ 038፣ 048፣ 091። ከታች «019፣ ዘበኛው» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። በቀኝ «ያለፉ» ይላል፤ 012፣ 015፣ 021፣ 033፣ 047። ከ012 ጎን፣ ወረቀቱን እስኪበሳ ተጭነው፣ «10!» ብለዋል።

ኢንስፔክተሯ በሟቹ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች። የሒሳብ ሰው አይደለችም፤ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ወንጀለኞችን አሰልፋ ስታይ የኖረች ናት። ከተሰለፉት መሀል የጋራ መልክ መፈለግ ለምዳለች። ብዙም አልቆየች።

«ልጄ፣ ና እስቲ» አለች ወጣቱን። «እምቢ የተባሉትን አንብብልኝ።»

አነበበ።

«ሁሉም ውስጥ ምን አለ?»

«ሁሉም ውስጥ... ስምንት አለ። ወይ ዘጠኝ።»

«ካለፉትስ?»

«አንድም የለም።»

«እኔ ይህን አልተማርኩም። አንተን ልጠይቅህ፤ ስምንትና ዘጠኝን የማያውቅ ቆጣሪ አለ እንዴ?»

ወጣቱ የጠረጴዛውን ጫፍ ያዘ። 

«ዜሮዋ» አለ በሹክሹክታ። «ከፊት ያለችው ዜሮ። ወይኔ አባባ! ቁጥር አንባቢውን ራሴ አልጻፍኩትም፤ የተዘጋጀ ነው የወሰድኩት። እሱ ደግሞ የቆየ ልማድ አለው፤ ከፊቱ ዜሮ ያለበትን ቁጥር በስምንት ነው የሚቆጥረው።»

«በስምንት እንዴት?»

«ሁለቱን አውራ ጣቶቹን አጥፎ በጣቱ እንደሚቆጥር ሰው። ስምንት ሲሞላ አንድ ይይዛል። ስለዚህ 012 ማለት ለሱ አንድ ስምንትና ሁለት ነው፤ አሥር። ስምንትንና ዘጠኝን ግን አያውቃቸውም፤ ጣት የለውማ! ሲያገኛቸው ግራ ይጋባና በሩን ይዘጋል።»

«በሩስ? 2121?»

እርሳስ አንሥቶ ወረቀት ላይ አሰላ። «ፖርቱንም ከፊቱ ዜሮ ጨምረው 02121 ነው የሚጽፉት። በስምንት ሲቆጠር... አንድ ሺህ አንድ መቶ አምስት።» ቀና አለ። «1105።»

«እንግዲያስ መዝገቡ 19 ሲል...»

ወጣቱ ሊናገር አፉን ሲከፍት ኢንስፔክተሯ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «በሆድህ ያዘው። ሁሉንም ጥራልኝ። እኔ እስከዚያ ለሁለት ፖሊሶች ልደውል።»

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቨሩ ክፍል ፊት ያለው ኮሪደር ላይ ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን አዩ።

«ዶሴው ስምንት ሰዓት ላይ መቅረብ አለበት አልተባለም?»

«ይቀርባል። በማን ስም እንደሚቀርብ ነው የቀረው።» ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ቆማ ለመናገር አቅም አልነበራትም። «አንቺ፣ ውረጂና የዘበኛውን አረንጓዴ ቁልፍ ተጫኚ። እዚህ ስክሪኑ ላይ መዝገቡ ምን እንደሚያወጣ እናያለን።»

ፈታኟ ወረደች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድምጿ ከደረጃው ሥር መጣ። «እምቢ ይላል!»

«ድገሚው!»

«እምቢ አለ እኮ!»

መዝገቡ ላይ አንድም መስመር አልተጨመረም። ፈታኟ እያለከለከች ተመለሰች።

«ዘበኛው ቅዳሜ ጠዋት ይህንኑ ብለው ነበር፤ የጠየቃቸው የለም» አለች ኢንስፔክተሯ። «019 ውስጥ ዘጠኝ አለ። ዓርብ የተጫነው ፕሮግራም ዘጠኝን ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ከዚህ ሕንፃ ኮምፒውተሮች ሁሉ ትእዛዝ ሊልክ የማይችለው አንድ ብቻ ነበር፤ የታሰሩት ደግሞ በዚያው ኮምፒውተር የሚሠሩት ሰው ናቸው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የተያዘው።»

«ታዲያ መዝገቡ ለምን 19 አለ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ልጄ፣ አንተ ከራስህ ላይ ላክ።»

ወጣቱ ላከ። መዝገቡ ላይ «20» የሚል ወጣ። ፈታኟ ከራሷ ላከች፤ «22»። አፏን በእጇ ያዘች። «እኔ መድረሳቸውን እንጂ ማን ተብለው እንደተመዘገቡ አላየሁም...»

«ለሱ በኋላ ታለቅሻለሽ። 24 በስምንት ሲቆጠር 20 ነው፤ 26 ደግሞ 22። አሁን የቀረ አንድ ኮምፒውተር ነው።»

ኢንስፔክተሯ ለወጣቱ ምልክት ሰጠችው። ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ገባ። መዝገቡ ላይ አዲስ መስመር ወጣ፤ «19፣ ፖርት 1105»።

«023» አለች። «ሁለት ስምንትና ሦስት።»

«ይህ ምን ያሳያል?» የሥራ አስኪያጁ ድምፅ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር። «ማንም ክፍሌ ገብቶ ሊጠቀምበት ይችላል።»

«ከስምንት ተኩል እስከ አሥር በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር፤ ከወንበሬም አልተነሣሁም ብለውኛል።»

«እኔ ፋይል መላክ አላውቅም!»

«የሣጥኗ መመሪያ ግማሹ በአረንጓዴ ቀለም ነው የተጻፈው። የጽሕፈቱ ማዘንበል ከደብዳቤዎችዎ ጋር አንድ ነው። እነዚህ ልጆች ሳይቀጠሩ በፊት ሣጥኗን የሠራችኋት ሁለታችሁ ናችሁ። ሰርቨሩ ውስጥ ገብተው መዝገቡን በሩብ ሰዓት አትመው የሰጡትም እርስዎ ነዎት፤ ኮምፒውተር ከመክፈትና ከመዝጋት አላልፍም ያሉት ሰውዬ።»

«ግን ጥፋተኛ ቢሆኑ መስመሩን አያጠፉትም ነበር?» አለች ፈታኟ። ልቧ ንጹሕ ናቸው ብሎ ማመን ፈልጓል።

«ሊያጠፉት ነበር የገቡት። ሲያዩት 23 አይልም፣ 19 ይላል። ለምን እንደሆነ አላወቁም። ሰማይ የረዳቸው መሰላቸው። ታዲያ የሚያድንን ማስረጃ ማን ያጠፋል? ሮጠው ለፖሊስ ሰጡት።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ተደገፉ።

«ያቺ ልጅ» አለች ኢንስፔክተሯ ማኅደሩን እያሳየች። «እርስዎ ይንገሩን ወይስ እኔ ልገምት?»

«አይገምቱ። ደከመኝ።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አምና ነው። የሆስፒታሎቹን አድራሻ በችኮላ ያስገባሁት እኔ ነበርኩ። 12ን 10 አልኩት። የልጅቷ የራስ ቅል ምስል ሌላ ሆስፒታል ሄደ። ሐኪሙ ስድስት ሰዓት ጠበቀ፤ እሷ አልጠበቀችም። ጥፋቱን ሆስፒታሉ ውስጥ ባለች ጸሐፊ ላይ ጣልነው፤ ከሥራ ወጣች። እሱ ኋላ ደረሰበት። ወዳጄ ስለሆነ ዝም አለ። ዓመት ሙሉ ዝም አለ።»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ 12 እንደገና 10 ሲሆን አየ። ክፍሌ ገብቶ ‹ሁለተኛ አልችልም› አለኝ። ‹ሰኞ የልጅቷ እናት ጋ እሄዳለሁ፣ ከዚያ ጸሐፊዋ ጋ› አለኝ። እንዲተው ለመንኩት። ‹መሸከም ሰልችቶኛል› አለና ወደ ሰርቨሩ ክፍል ሄደ። እሱ አውርዶ ሊያርፍ ነው፤ ሸክሙስ በማን ላይ ነው የሚወርደው? በኔ ላይ። ሦስት መስመር ናት። ደወሉን ዝጋ። በሩን ቆልፍ። ጋዙን ልቀቅ። ከመጻፌ በፊት አሥር ጊዜ መተው እችል ነበር፤ አልተውኩም።»

ወጣቱ መሐንዲስ ከክፍሉ በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። እጁን ሊያነሣባቸው የፈለገ መሰለ፤ ግን ሁለት እርምጃ ተራምዶ ቆመ።

«በሬሳቸው ላይ አልቅሰዋል» አለ። «ባለቤቴን አቅፈው አጽናንተዋታል።»

«ያለቀስኩት ከልቤ ነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ። ሁለቱ ፖሊሶች በግራና በቀኝ ያዟቸው፤ አራቱን ፎቅ ቀስ ብለው ወረዱ።

ኢንስፔክተሯ ፍርድ ቤት የደረሰችው ስምንት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ዐቃቤ ሕጉ አዲሱን ዶሴ ቆሞ አነበበ፣ ተነጫነጨ፣ ፈረመ። ዘበኛው ካቴናው ሲፈታላቸው እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ሚስታቸው የኮታቸውን አቧራ አራገፉ፤ የተበላሸውን አንገትጌ አስተካከሉ። ሦስቱም ወደ ግቢው ወጡ።

«ማመስገን ነበረብኝ፣ አይደል?» አሉ ሴትዮዋ ቆም ብለው።

«ግድ የለም፣ እናቴ።»

«አፌ እምቢ አለኝ። ምን መሰለሽ፣ ልቀቁት ተባለ፤ ደግ። ሰፈሩ ግን ነፍሰ ገዳይ ብሎታል። ትናንት ውሃ ልቀዳ ስወጣ ሴቶቹ ዝም አሉ። ሲያስሩት በመኪና፣ በሳይረን፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው የወሰዱት። ሲፈቱት ‹ሂድ› ነው የሚባለው። ማን ይነግርልኛል? አንቺ በየቤቱ ዞረሽ ትነግሪልኛለሽ?»

ባልየው የሚስታቸውን ክንድ ነካ አደረጉ። «ተያት፤ ደክሟታል።»

ደክሟታል። ቢሮዋ ውስጥ ሌላ ዶሴ እንደሚጠብቃት፣ ከላዩም ሌላ ማስታወሻ እንደተለጠፈ ሳታየው ታውቃለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ስታስርና ስታስፈታ፣ የተፈታው ሰው ከበሩ ወዲያ ምን እንደሚሆን ጠይቃ አታውቅም ነበር። የመኪናውን የኋላ በር ከፈተችላቸው።

«ከማን ልጀምር?» አለች።

ሴትዮዋ እየቀለደች እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን መረመሩ። አልቀለደችም።

«ከጎረቤታችን» አሉ በመጨረሻ። «ከሁሉ የምታወራው እሷ ናት።»

መኪናው ሰፈሩ ውስጥ ሲቆም ሰው በየደጁ ብቅ ብቅ አለ። ዘበኛው ከኋላ ወንበር ወርደው፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ኢንስፔክተሯ የመጀመሪያውን በር አንኳኳች። ጎረቤቲቱ በሩን ገርበብ አድርጋ አየቻቸው፤ ሦስቱንም። ኢንስፔክተሯ መታወቂያዋን አውጥታ አሳየቻትና፣ በየደጁ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምራ ታስረዳት ጀመር።